የሚያርመኝ ሰው ጠፋ

እምሩ «አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ጉድ አሰኘ» ሲል ማኪያቶ ቤቱ ውስጥ ከተቀመጡት አንድም የተቃወመው ሰው አልነበረም። አፉን አዳልጦት ነው፤ ሊል የፈለገው ሮም ነበር። በባዶ እግሩ ሮም፣ በጫማ ቶኪዮ፤ ይህን የፒያሳ ድመት እንኳ ያውቀዋል። ሌላ ቀን ቢሆን ገና «ቶኪዮ» ከማለቱ ፈቀደ ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ በቀይ ካርድ ያስወጣው ነበር፤ ኢርፋን ደግሞ ስልኩን መዝዞ የአበበን ጫማ በፎቶ አጉልቶ አፍንጫው ሥር ይደቅንበት ነበር። ዛሬ ፈቀደ ብርጭቆው ውስጥ የቀረውን አረፋ በማንኪያ ሲያማስል ቆየና ቀና ሳይል «ልክ ነህ። ጀግና ነበር» አለ። ኢርፋንም ከባንኮኒው በኩል «እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» ብሎ አከለበት። የእምሩ ስህተት ለራሱ ጆሮ የደረሰው ያኔ ነው። እየቀለዱበት መስሎት ሁለቱንም በየተራ እያየ ሳቁ እስኪፈነዳ ጠበቀ። የሳቀ አልነበረም።

ማኪያቶ ቤቷ ሰፈሩ ሲፈርስ ዳገቱ ጥግ ላይ የተረፈች ጠባብ ቤት ናት። ድሮ የሚሰበሰቡባት ትልቋ ቤት ዛሬ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የአበባ መደብ ሆናለች፤ ወንበሮቿ ግን ግማሾቹ እዚህ አሉ፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲቀመጥባቸው የሚያቃስቱ። የማኪያቶው ዋጋ በየጊዜው ስለሚወጣ አስተናጋጇ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር መሰረዝ ሰልችቷት በቃል ነው የምትናገረው። ሰዎቹ ከፈረሰው ቤት ተሸክመው የመጡት ዋናው ዕቃ ክርክራቸው ነበር። ፈቀደ ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሠራተኛና የሰፈሩ ዕድር ሰብሳቢ ነው፤ ኢርፋን አባቱ ከወሎ መጥቶ የከፈተውን የጨርቅ ሱቅ የሚያሠራ፣ ለብራዚል ኳስ ነፍሱን የሚሰጥ ጎልማሳ። ዛቶፔክ ሄልሲንኪ ላይ ማራቶን ሲሮጥ ከዚያ በፊት ሮጦት ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም፣ ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ከማራቶኑ ወርቅ ሌላ ምን ይዞ ተመለሰ፣ በዚህ ሲጨቃጨቁ ውለው ቢያድሩ አይሰለቻቸውም። ሕጉ አንድ ነው፤ የተረታ ያስጠጣል። ከዚህ ሌላ ያልተጻፈ ሕግም አለ፤ ሰው ሲሳሳት አይቶ ማለፍ ነውር ነው። የሚናቅ ሰው ብቻ ነው ስህተቱን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሸኘው።

እምሩ የሚናቅ ሰው አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ገነነ የሚባል ነጋዴ ሱቅ ውስጥ፣ ዋንጫና ሜዳሊያ ላይ ስም ሲቀርጽ ነው። የመሥሪያ ቤቶች ውድድር፣ የትምህርት ቤቶች ሩጫ፣ የወረዳ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ ማን መቼ ማንን እንዳሸነፈ በእጁ ያለፈ ነው፤ ከዚያ ሬዲዮ እያዳመጠ፣ ጋዜጣ እየቆረጠ፣ የሌላውንም ዓለም ጨመረበት። ስለዚህ ዝምታው ንቀት እንዳልሆነ ገባው። ንቀት ቢሆንማ ደግ ነበር። ከንቀት የከፋ ነገር ጠረጠረና ሆን ብሎ ሁለተኛ ስህተት ወረወረ። ወደ ኢርፋን ዞሮ «ይኸ ያንን የማራካናውን ፍጻሜ አስታወሰኝ» አለ፤ «ብራዚል በአገሯ ኡራጓይን አሸንፋ ዋንጫውን ያነሣች ጊዜ።» ኢርፋን ከመወለዱ በፊት ስለሆነው ስለዚያ ሽንፈት ሲነሣ እንደ ዘመድ ሞት ፊቱ የሚጠቁር ሰው ነው። አሁን ጎሮሮውን ጠረገ። «አዎ፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «ወሰዱት።»

እምሩ ብርጭቆውን ገፋ አደረገው። ጠዋት የሆነው ነገር ሁሉ ተራ በተራ መጣበት። ገና ቁርስ ሳይቀርብ የጎረቤታቸው የእትዬ እንቁ ልጅ ኤደን መጥታ ነበር፤ ስልክ መጠገኛ ቤት ነው የምትሠራው። «ጋሼ፣ የእርስዎንም የእማማ አይናዲስንም ስልክ ይስጡኝና አስተካክዬ ማታ አመጣላችኋለሁ» አለች። ምኑን እንደምታስተካክል አልጠየቃትም፤ የዘመኑ ልጅ ካለች አለች ነው። እሷን ተከትላ እናቷ መጣችና ሚስቱን አይናዲስን ለበርበሬ ቅንጠሳ ይዛት ሄደች። ሲወጣ በሩ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ ከወትሮው ረዘም አድርጎ ጨብጦት ነበር። እምሩ ያኔ ልብ አላለውም። አሁን ግን ልብ አለው፤ ምክንያቱም ዘዴው የራሱ ነው። የሰፈሩ ሰው ተስፋማርያም ያባቱን ሞት ታክሲ ውስጥ ሆኖ ከስልኩ ላይ አንብቦ መንገድ ላይ የወደቀ ጊዜ፣ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ከእንግዲህ መርዶ ሲኖር አስቀድሞ ስልኩ ይሰብሰብ» ያለው እምሩ ነው። «ሚስቱን ጎረቤት ትውሰዳት። እሱን አታስከፉት፤ የሚለውን ሁሉ እሺ በሉት። ንጋት ላይ ሽማግሌ ይግባ» ብሎ ሁሉንም በዝርዝር ያስጨበጣቸው እሱ ነው። ጭብጨባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ሰው በዚህ ዘዴ አርድቷል። «እሺ በሉት» ሲል ግን አበበን በባዶ እግሩ ቶኪዮ ድረስ ይወስዱታል ብሎ አላሰበም ነበር።

እንግዲህ ሰው ሞቶበታል። ማን?

አይጠየቅም። መርዶ የሚነገር እንጂ የሚጠየቅ ነገር አይደለም፤ ጠይቆ የሚሰማ ሰው ጨዋ አይባልም፣ የሚነግረውም ሰው ከዕድሩ ዳኞች ፊት ይቆማል። ይህንንም ሕግ አጥብቆ የያዘው እሱ ራሱ ነው፤ በራሱ ገመድ ታስሯል ማለት ይኸ ነው። ቢሆንም ሞከረ። «ኢርፋን፣ ስልክህን አንዴ አቀብለኝማ፣ ወንድሜ ዘንድ ልደውል» አለ። ኢርፋን ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስልክ ፈጠን ብሎ ኪሱ ከተተና «ባትሪው አልቆ ነው፣ ጋሼ» አለ። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ሳያልቅ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ማንም ማንንም አላየም። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ሲበቃው ቆመ፤ ፈቀደ የእምሩን ማኪያቶ ከፍሎ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ።

ወደ ሱቁ ሄደ። ጠረጴዛው ላይ ለአንድ የወረዳ ውድድር የታዘዙ ዋንጫዎች ስማቸውን እየጠበቁ ተሰልፈዋል፤ ነገ ተረካቢዎቹ ይመጣሉ። መቅረጫውን አንሥቶ መነጽሩን ሲያደርግ ገነነ ከኋላ መጥቶ እጁን ያዘው። ገነነ ለራሱ እናት ተዝካር እንኳ ሱቅ ያልዘጋ፣ ሠራተኛ ሲያስነጥስ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው። «ዛሬ ሥራ የለም፤ ቤትህ ገብተህ እረፍ» አለው። እምሩ ወደ ዋንጫዎቹ ተመለከተ፤ ገነነም ተመለከተ። «እነሱ ይደርሳሉ» አለ ገነነ። ድምፁ ውስጥ ያለው ርኅራኄ እምሩን ከምንም በላይ አስፈራው። ከገነነ አፍ ርኅራኄ የሚያስወጣ ሞት ትንሽ ሞት አይሆንም።

ሽቅብ ወደ ምኒልክ አደባባይ ወጣ። በአጠገቡ የሚያልፉ ሰዎች ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ቅዳሜው ጨዋታ ያወራሉ፤ ባቡሩ ሰው ጠቅጥቆ ይሄዳል። የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቆሞ በልቡ የዘመዱን ሁሉ ስም ጠራ። መጀመሪያ የመጣለት ታላቅ ወንድሙ ዘርዓብሩክ ነበር። አዳማ ነው የሚኖረው፤ ኩላሊቱ ከታመመ ቆይቷል፣ እጥበት ላይ ነው። እሱ ይሆናል አለ። እሱ ነው። ሌላ ማን ይሆናል? ሌላው ስም ወደ ምላሱ ሲመጣ መልሶ ዋጠው። ቃለጽድቅ አንድ ልጃቸው ነው፤ ጅቡቲ መስመር ላይ ከባድ መኪና ይነዳል። ትናንት ጠዋት ደውሎ «አዋሽን አለፍኩ» ብሏል። አዋሽን ያለፈ ሰው ደህና ነው። እምሩ አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ለማንም የማይነገር ጸሎት ጸለየ። ወንድሜ ይሁን አለ። አምላኬ፣ ወንድሜ ይሁን። ያሳደገውን፣ ትምህርት ቤት በጀርባው አዝሎ የወሰደውን ወንድሙን በገዛ አፉ ለሞት አሳልፎ ሲሰጥ ኀፍረት ፊቱን አቃጠለው፤ ግን አልተመለሰም፣ ደግሞ ጸለየ።

ከዚያ ስለ ወንድሙ ማልቀስ ጀመረ። ያለቀሰው በለቅሶ ሳይሆን በማስታወስ ነው። ዘርዓብሩክ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደች ዕለት፣ በልጅነቱ ስታዲየም ገብቶ በዓይኑ አይቻለሁ ይላል። አራት ለሁለት ግብፅን ስናሸንፍ፣ ንጉሡ ዋንጫውን ሲሰጡ፣ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ነበር እያለ ስንት ዓመት አውርቷል። ሲያወራው የሣሩ ሽታ ሳይቀር ይናገራል። እምሩ ይህን ሲያስብ ትንሽ ቀለለው፤ ወንድሙን ቀብሮ ልጁን ያተረፈ መስሎት። ይህን ሰላም ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ ይችል ነበር፤ እስከ ንጋት ያቆየው ነበር። ሰው ግን ቁስሉን ካልነካካ አያርፍም። ማረጋገጥ ፈለገና ወደ እንድሪስ ቁልቁል ወረደ።

እንድሪስ እሪ በከንቱ መውረጃ ላይ ያለ ልብስ ሰፊ ነው። ከእነ እምሩ ጋር ባንድ ግቢ ያደገ፣ የዘርዓብሩክ እኩያ፣ በክርክር ወንድሙንም እሱንም አሳርፎ የማያውቅ ሰው። ለእንድሪስ በዓለም ላይ አንድ ስፖርተኛ አለ፣ እሱም መሐመድ ዓሊ ነው፤ ከስፌት መኪናው በላይ የተሰቀለው ፎቶ ጠርዙ በጢስና በዘመን ቢጫ ሆኗል። የሱቁ በር ግማሹ ተዘግቷል። እምሩ ጎንበስ ብሎ ሲገባ እንድሪስ ብድግ አለ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ደግሞ ብድግ አለና አቧራ የሌለበትን በርጩማ ጠረገለት። ሻይ ላስመጣ አለ። እምሩ አልፈልግም አለው። ዝም ተባባሉ። እነዚህ ሁለት ሰዎች አብረው ዝም ያሉበትን ቀን እምሩ አያስታውስም።

«ኪንሻሳ ላይ» አለ እምሩ ወደ ፎቶው እያየ፣ «ፎርማን ዓሊን በስንተኛው ዙር ነበር የዘረረው?»

እንድሪስ ፎቶውን አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሌላ ቀን እንዲህ ያለ ነገር የተናገረ ሰው መቀሱን ዓይቶ ነበር የሚወጣው። እንድሪስ ግን ዓይኑ ውኃ ሞላና፣ ያን የሚወደውን ሰው ለጓደኛው ሲል መሬት ላይ አጋደመው። «በስምንተኛው መሰለኝ» አለ። «ፎርማን ጡንቻው ኃይለኛ ነበር።»

እምሩ አንገቱን ደፋ። ዙሩ ልክ ነበር፤ የወደቀው ሰው ብቻ ተለውጧል። እንግዲህ ስለ ሞቱ ጥርጥር የለም፤ የቀረው የሟቹ ስም ነው። እሱን ደግሞ ሳይጠይቅ የሚያውቅበት አንድ መንገድ አለ። ሙት አይወቀስም። እንድሪስ ምላሱ እሳት ቢሆንም አፈር ያልለበሰ ሬሳ የሚያማ ሰው አይደለም፤ ሃይማኖቱም አስተዳደጉም አይፈቅድለትም። እምሩ እንደ ዋዛ አድርጎ ወንድሙን አነሣ። «ያ ዘርዓብሩክ ግን» አለ፣ «ስታዲየም ገብቼ አይቻለሁ የሚላት ነገር፤ እውነቱን ይሆን እንዴ?» እንድሪስ «የኔ ወንድም፣ ነፍስ ይማር» ዓይነት ፊት እንዲያሳየው በልቡ ለመነው። አንገቱን እንዲደፋ ለመነው። «እሱ ጥሩ ሰው ነው፣ ተወው» እንዲለው ለመነው።

እንድሪስ ግን ከታፈነበት የወጣ ያህል ተነፈሰ። ፊቱ ሁሉ በራ። «ያ ዋሾ» አለ፤ «ምን ስታዲየም ገባ እሱ። ያን ለት ኩፍኝ ወጥቶበት እናትህ ጨለማ ክፍል ነበር የዘጋችበት። ያየሁት እኔ ነኝ፤ ማታ መጥቼ በመስኮት የነገርኩትን ነው ይኸው እስካሁን ለዓለም የሚሸጠው። ስታዲየም! ትናንት ማታ ሲደውልልኝ እንኳ…» ቆመ። እጁን አፉ ላይ አደረገ። ዘርዓብሩክ ትናንት ማታ ደውሎለታል። ታላቅ ወንድም፣ የታመመ ሰው፣ ለእምሩ ሳይሆን ለእንድሪስ ለምን እንደሚደውል እምሩ የሚያስረዳው አላስፈለገውም። መርዶ የሚደራጀው እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ለወዳጅ ይነገራል።

ወንድሙ በሕይወት አለ። የቀረው ያ የዋጠው ስም ብቻ ነው። ተነሥቶ መሄድ፣ እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር፤ ግን አፉ አልታዘዘውም። «ቃለጽድቅ ብቻ ነው የከሰረው» ሲል ራሱን ሰማ። ሊስቅም ሞከረ። «ከኔ ተወልዶ ስለ ኳስ ምንም የማያውቅ ደደብ።» ይህ በመካከላቸው የቆየ ቀልድ ነው። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መኪና እንጂ ኳስ አይወድም ነበር፤ እንድሪስም በደረሰበት ሁሉ «ከዚህ ልጅ ይልቅ የስፌት መኪናዬ ስለ ኳስ ታውቃለች» እያለ ነው ያሳደገው። እምሩ ያችን ስድብ ጠበቀ። ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ የጠበቀው ነገር የለም። ያችን አንዲት የተለመደች ስድብ ቢሰማ ተንበርክኮ የእንድሪስን ጫማ ይስም ነበር።

እንድሪስ ወደ ስፌት መኪናው ዞረ። የጀመረውን ሱሪ አስተካክሎ ፔዳሉን መምታት ጀመረ። «ተው እምሩ» አለ ጀርባውን እንደሰጠ። «እሱን ተው። ጥሩ ልጅ ነው።» መርፌው ወጣ ገባ ይላል፣ ጨርቁ ይሄዳል፤ ክር ግን አልነበረበትም። እምሩ ክር የሌለው መርፌ ጨርቁን ሲበሳሳ ተቀምጦ አየ። ከዚያ ተነሣ። እንድሪስ አልዞረም፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ፔዳሉንም አላቆመም።

እንዴት ወደ ሰፈሩ እንደደረሰ አያውቅም። የልጁ መኪና ተገልብጦ ነው? ታሞ ነው? ብቻውን ነበር? ውኃ ያቀበለው ሰው ነበር? ጥያቄው ሁሉ በጉሮሮው ይመጣል፣ የሚጠየቅ ሰው ግን የለም። የዕድሩ ዕቃ ቤት ተከፍቶ ወጣቶች አግዳሚ ወንበር ያጥባሉ፤ ሲያዩት አንዱ ባልዲውን ይዞ ከግድግዳው ጀርባ ገባ፣ ሌላው የማይመለከተው ሰው መስሎ ወደ ሰማይ አየ። እምሩ ሰላም ብሏቸው አለፈ። ልጆቹን አልተቀየማቸውም፣ እንዲህ አድርጉ ያላቸው እሱ ነው። አሁን የሚያስበው ስለ አይናዲስ ብቻ ነበር። እሷ ታውቃለች ብሎ ደመደመ። ጠዋት እንቁ ይዛት የሄደችው ልትነግራት ነው፤ በርበሬው ሰበብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሴቶቹ መካከል ተቀምጣ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ለእሱ ስትል ደህና ሰው መስላ ትመጣለች። እናት ሆና ይህን መቻሏ አሳዘነው። ቤት ልግባና ነፃ ላውጣት አለ። አንድ የተሳሳተ ነገር እናገራለሁ፣ እሷም «ልክ ነህ» ትላለች፣ ያኔ እኔም አውቄያለሁ እላትና ተቃቅፈን እናለቅሳለን፤ ሽማግሌ ሳይገባ፣ እኛ ሁለታችን ብቻ።

ቤታቸው ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። አንደኛዋ ክፍል ውስጥ አልጋቸውና ቁም ሣጥኑ አሉ፤ ሌላዋ ውስጥ ሶፋውና ቴሌቪዥኑ አሉ፤ ቃለጽድቅ ከመንገድ ሲመጣ የሚተኛባት ፍራሽ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አይናዲስ ገብታለች። ጣቶቿ ቀልተዋል፣ ዓይኗም ቀልቷል። ስታስነጥስ ሰማትና ልቡ ተሰበረ። «እንቁ ጉድ ናት» አለች ሽሮውን እያማሰለች፤ «የዓመት በርበሬ አለኝ ስትል አልነበረም እንዴ ባለፈው? አሁን ደግሞ ይኸን ሁሉ ጆንያ አውጥታ ቀኑን ሙሉ ሥራ አስፈታችኝ። ልሂድ ስል ትንሽ ትንሽ እያለች። ኤደንም ስልኩን አላመጣችም።» እምሩ ሶፋው ላይ ተቀምጦ አዳመጣት። እንዴት አድርጋ ትችለዋለች አለ በልቡ። እኔ ወንዱ ልፈነዳ ነው፣ እሷ ሽሮ ታማስላለች። ፍራሿን እንዳያይ ወደ በሩ ዞሮ ተቀመጠ። እሷ እንጀራውን ዘረጋች፣ ሽሮውን ገለበጠች፣ እጁን አስታጠበችው። ፊቱን አየት አድርጋ «ምሳ አልበላህም» አለችው።

አንዲት ጉርሻ ከበላ በኋላ ጊዜው እንደደረሰ ተሰማው።

«አይናዲስ» አለ፣ ድምፁ እንዳይከዳው እየተጠነቀቀ፤ «ደራርቱ ያን የመጀመሪያ ወርቋን ስታመጣ ትዝ ይልሻል? አትላንታ ላይ።»

ልክ ነህ እስክትለው ጠበቀ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ልትወድቅበት የምትችል መስሎት ሊደግፋት ተዘጋጅቶ ነበር። አይናዲስ የቆረሰችውን እንጀራ መልሳ ሣህኑ ላይ ጣለችው።

«ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?» አለች። «አትላንታ ይላል እንዴ! ባርሴሎና ነው እንጂ። ፍልሰታ የገባ ለት። ምጥ ይዞኝ ሆስፒታል ገብቼ፣ አንተ ደራርቱ ሮጣ ካልጨረሰች አልነሣም ብለህ የሰው ቴሌቪዥን ፊት ተጎልተህ አመሸህ። ቃለጽድቅን ወልጄ ታቅፌው ነው እያለከለክ የመጣኸው። ልጁን ሳታየው ስለ ደቡብ አፍሪካዊቷ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንዴት እንደዞሩ ታወራልኝ ጀመር። አዋላጇ እስክትስቅብህ። እኔ ያን ለት የሆነውን ስሞት እንኳ አልረሳውም፣ አንተ እንዴት ትረሳዋለህ?» ተቆጥታ ጀምራ እየሳቀች ጨረሰች። የሳቋ እውነት ፊቷ ላይ ሁሉ ነበር።

እምሩ ጠዋት ከቤቱ ከወጣ ጀምሮ በፒያሳ ሁሉ ሲለምነው የዋለው ይህንን ነበር። አንድ ሰው ተቆጥቶ ተሳስተሃል እንዲለው። አሁን ያ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ ዓይኗ በበርበሬ ቀልቶ፣ እየሳቀች ታየዋለች። አታውቅም። አልነገሯትም፤ በርበሬው በርበሬ ብቻ ነበር። መርዶ ለእናትና ለአባት በአንድ ላይ፣ ንጋት ላይ፣ ሽማግሌ ባለበት ይነገር ያለውም እሱ ነው። እስኪነጋ ድረስ ልጇ በሕይወት አለላት። ሊነጥቃት አፉን ከፈተ፤ አልቻለም፣ ዘጋው። በዓለም ላይ እሱን የመሰለ ጨካኝ ሰው የለም፣ ነግሯትም ሆነ ዝም ብሏት።

«ልክ ነሽ» አለ። «ተሳሳትኩ።»

«ታዲያ ተረትተሃላ» አለች አይናዲስ ደስ ብሏት። እሱ ከጓደኞቹ ጋር ያለውን ሕግ ከእሱው አፍ ስትሰማ ነው የኖረችው፤ አንድ ቀን ግን ደርሷት አያውቅም። «የተረታ ያስጠጣል አይደል የምትሉት? በል እንግዲህ፣ ነገ ጠዋት እኔንም ወስደህ ማኪያቶ ታስጠጣኛለህ። ነጠላዬን አጣጥፌ እንደ ወይዘሮ እቀመጣለሁ። ቃለጽድቅም ጅቡቲ ሲደርስ መደወሉ አይቀርም፣ አባትህን ረታሁት ብዬ እነግረዋለሁ።» ከሽሮው መሐል ደህና አድርጋ ጠቅልላ ጉርሻ ዘረጋችለት።

«እሺ» አለ እምሩ። «ነገ ጠዋት።» አፉን ከፍቶ ጉርሻውን ተቀበለ፤ እስኪውጠው ድረስም ዓይኗን አላየም።